በአንድ ክፍል አንድ አንቱ

ወንድሜ በታሰረ ማግስት እናቴ ምሳ ዕቃውን አስይዛ ስታስወጣኝ ሁለት ነገር አስጠናችኝ። አንደኛ፣ ፍተሻ ላይ ፖሊሱ «ቅመሺ» እስኪለኝ ሳልጠብቅ ራሴ ከወጡ እንድቀምስ፤ መርዝ ያመጣን እንዳይመስለው። ሁለተኛ፣ እስር ክፍሉ ውስጥ ካቦ የሚባል የእስረኞች አለቃ አለ፤ እሱን ካየሁት አንቱ እንድለው። የመጀመሪያውን በደስታ ፈጸምኩት፤ ወጡ ጎመን በሥጋ ነበር። ሁለተኛውንም ፈጽሜዋለሁ። ችግሩ የፈጸምኩት በሌላ ሰው ላይ ነው።

መጀመሪያ ወንድሜ ምን አድርጎ እንደታሰረ ልንገራችሁ፤ ወንጀሉ ከባድ ነው። ፑል ቤት ቁጭ ብሎ ነበር። ከጎኑ ሁለት ሰዎች ተጣሉ፣ ብርጭቆ ተወራወሩ፣ ፖሊስ መጣ፣ ሰው ሁሉ ሮጠ። ወንድሜ አስም አለበት፤ መሮጥ አይችልም። ስለዚህ ተጠርጣሪ ሆነ። ብርጭቆ የወረወሩት ሰዎች ጤነኛ ሳንባ ስላላቸው እስከ ዛሬ ንጹሕ ዜጎች ናቸው።

ጣቢያው የት እንደሆነ አልናገርም። እኛ የምንኖረው ቡራዩ ነው፤ ወንድሜ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ አክስቴ ሱሉልታ ናት። የታሰረው ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ ነው። የቀሩት ሁለቱ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብለው ይኩሩ፤ ማን ከለከላቸው።

እናቴን ያስጨነቃት እስሩ ብቻ አልነበረም። ወንድሜ አየር በሌለበት ቦታ ከተኛ ደረቱ ይዘጋል። ልጅ ሆኖ አንድ ክረምት ከሰል የተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ ተኝቶ ልናጣው ነበር። ስለዚህ ስለ ዋስም ስለ ጠበቃም ከማሰቧ በፊት ታስሮ የወጣ ጎረቤታችንን የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«ክፍሉ መስኮት አለው ወይ?»

«አንድ አለው» አላት። «ግን መስኮቱን የሚያድለው ፖሊስ እንዳይመስልሽ። ካቦው ነው።»

ጠያቂዎች የምንቆመው ከእንጨት አጥር ወዲህ ነው፤ እስረኞቹ ከአጥሩ ወዲያ። የምትጠይቂውን ሰው ስም ለፖሊሱ ትነግሪያለሽ፣ ፖሊሱ በሩ ላይ ለቆመው ጠሪ ይነግራል፣ ጠሪውም ወደ ውስጥ ይጮኻል። የወንድሜን ስም ሰጥቼ ስጠብቅ ድምፁ መጣ። ስሙን ሦስት ጊዜ አከታትሎ፣ የመጨረሻውን ጎትቶ፣ «የሞላ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ሊል ምንም ያልቀረው ድምፅ።

ወዲያው አወቅኩት። ከቡራዩ አስኮ የሚመላለስ ታክሲ ላይ ረዳት የነበረ ልጅ ነው። ከእኔ ቢበልጥ አራት ወይ አምስት ዓመት ነው። ስንት ጠዋት «አንቺ፣ ቦርሳሽን እቀፊ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ የጮኸብኝ ልጅ። ድንገት ጠፍቶ ነበር፤ ሌላ መስመር የገባ መስሎን ነበር። ለካስ ገብቷል።

ከልጁ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ጋቢ ለብሰዋል፣ ጺማቸው ነጭ ነው፣ አቋማቸው የሠርግ ቤት ምርቃት ሊጀምሩ የተነሡ ይመስላል። እኔ ባደግኩበት አገር ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አለቃው ማነው ከተባልኩ፣ የማየው ጺሙን ነው። ከወገቤ ጎንበስ አልኩ።

«እንደምን አደሩ ኦቦ ካቦ? አካም ቡልተኒ? ወንድሜን አደራ ልበልዎት። አስም አለበት፤ እባክዎ መስኮቱ አጠገብ ያስተኙልኝ።»

ከዚያ፣ የሰፈር ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ፣ ወደ ልጁ ዞርኩ።

«እንዴ! አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ? ስትጭነን ኖረህ አንተን ደግሞ ማን ጫነህ?»

ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነበር። አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ግን ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ወንድሜ ከበሩ ብቅ ሲል ንግግሬን ሰምቶ ኖሮ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ከጎኔ የቆመች ሴትዮ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ካቦው እኮ ልጁ ነው፣ አንቺ ቀልቃላ!»

ልጁ ፈገግ አለ። ጥርሱ መሀል ስንጥር ይዞ ነበር። «እኔ አንተ፣ እሱ አንቱ» አለ ቀስ ብሎ። «ጥሩ። ገብቶኛል።»

በማግስቱ ወንድሜ ሲጠራ ቶሎ አልመጣም። አጥሩ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ እንደ ድስት ክዳን ያፏጫል።

«የት ነው ያስተኙህ?» አልኩት።

«ወንዝ ዳር።»

«የምን ወንዝ?»

«ሽንት ቤቱ በር ላይ። እኛ እንደዚያ ነው የምንለው።»

እየሳለ አስረዳኝ። ክፍሉ አንድ ነው፣ ሰፈሩ ግን ብዙ ነው። ከመስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ቦሌ ይባላል፤ የሚያስተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አየር አለው፣ ሰውም አይረግጥህም። ግድግዳ ጥጉን የያዙት ቢያንስ ጀርባቸውን የሚደግፉበት አላቸው። መሀሉን በኮንዶሚኒየሙ ስም ኮዬ ፈጬ ይሉታል፤ ሁሉም የእኔ ነው ይላል፣ ቁልፍ የተረከበ ግን የለም። ከሽንት ቤቱ በር ሥር ያለው ወንዝ ዳር ነው፤ የስሙን ምክንያት ምሳ የበላ ሰው ባያነበው ይሻላል። ማን የት እንደሚያድር የሚወስነው ካቦው ነው። ወንድሜ መጀመሪያ ቀን ግድግዳ ሥር ነበር።

«ታዲያ ምን አጥፍተህ ወረድክ?»

«እኔ ምንም። እህቴ ናት ያጠፋችው። ‹እህትህን ሥርዓት አላስተማርካትም› ተባልኩ።»

ከዚያ ሕገ መንግሥቱን ነገረኝ። አንድ አንቀጽ ነው ያለው፦ በአንድ ክፍል አንድ አንቱ። ካቦውን ሁሉም ሰው አንቱ ይለዋል። ከእሱ በቀር ደግሞ ማንም አንቱ አይባልም፤ እንዲካፈሉት አይፈልግም። ስለዚህ አያቱ የሚሆኑትን እኒያን ሽማግሌ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ «አንተ» እያለ ይጠራቸዋል፤ ወድዶ አይደለም። አፉ አምልጦት በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ አቶ እንደ ማለት፣ ያላቸው ሰው፣ ጠያቂ ሲመጣለት ስሙ አይጠራም። ጠሪው ካቦው ራሱ ነዋ። እናትየዋ ከሩቅ አገር ስንቅ ተሸክማ ትመጣለች፣ ቆማ ቆማ «ልጄን የት ወሰዳችሁት?» እያለች አልቅሳ ትመለሳለች፤ ልጇ ከግድግዳው ወዲያ ነው ያለው።

«አንተስ ሽማግሌውን ምን ትላቸዋለህ?» አልኩት።

ምሳ ዕቃውን ተቀብሎኝ ገባ።

ሰው ተበደልኩ ሲል ለፖሊስ ነው የሚናገረው ብዬ፣ የሚፈትሸውን ፖሊስ አናገርኩት። ጨዋ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እኛ ውስጣቸው አንገባም እህቴ» አለኝ በኩራት። «ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድራሉ። እንዲያውም ለኛ ቀሎናል።»

«ወንድሜ መተንፈስ አቃተው እኮ!»

«እሱን ካቦውን አናግሪ።»

የዜግነት ትምህርት ፈተና ላይ ራስን በራስ ስለ ማስተዳደር ገጽ ሙሉ ጽፌ መምህሩ ነጥብ የቀነሱብኝ ለካ እውነታቸውን ነው። በተግባር አላየሁትም ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰደርያ የለበሱ እንግዶች መጡ። የእስረኞችን መብት ሊያዩ ነው ተባለ፤ እኛም ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ልባችን ተንጠለጠለ። እንግዶቹን በሩ ላይ የተቀበላቸው ማን እንደሆነ ገምቱ። ሸሚዙን ከትቶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ክፍሉን አስጎበኘ፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ጨረሰ፤ እውነት ለመናገር ጥሩ አስጎብኚ ነው። ከዚያ እንግዶቹ እስረኞቹን ግቢው ውስጥ አሰልፈው፣ ካቦውን ከጎናቸው አቁመው፣ በነጻነት እንዲናገሩ ጠየቁ።

«ችግር ያለበት አለ?»

ማንም የለም። ወንድሜ ሳለ።

«ጉንፋን ነው» አለ ካቦው፣ በአባትነት ስሜት።

እንግዶቹ አመስግነውት ሄዱ። ያን ቀን ወንድሜ ሁለት ጉርሻ ቆርሶ መዋጥ አቅቶት ምሳ ዕቃውን ሙሉውን መለሰው። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። በአፍ የሚሳበው መድኃኒቱ ገብቶለታል፤ ግን ወንዝ ዳር ተኝተህ መድኃኒት መሳብ ማለት ምን መሳብ እንደሆነ ለሐኪም እተወዋለሁ።

ቤት ስደርስ የተመለሰውን ምሳ ዕቃ ያየችው እናቴ ነጠላዋን አነሣች።

«እኔ ሄጄ እለምነዋለሁ። አንቱ ማለት ምን ይጎዳኛል? ለልጄ ስል በግም አንቱ እላለሁ።»

እናቴ ቡራዩ ገበያ ጎመንና ካሮት ትሸጣለች። ያ ልጅ ታክሲ ላይ «ማዘር፣ ጎመንሽን ይዘሽ ከኋላ!» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ጎንበስ ብላ «ጌታዬ» ስትለው ታየኝ።

«አትሄጂም» አልኳት። «አንተ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንቱ የምለውም እኔ ነኝ።»

ሌሊቱን ሳይሆን ታክሲውን ሙሉ ተለማመድኩ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ የምጸልይ መስሎት ቦታ ለቀቀልኝ። ስደርስ ወጡን ቀመስኩ፣ አጥሩ ጋ ሄድኩ፣ ካቦውን አገኘሁት። እናም ጀመርኩ።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ? እንቅልፍ እንዴት ነበር? ሰውነትዎ ደህና ነው?»

ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። «ደህና ነኝ።»

«ቤተሰብ ደህና ናቸው? ከብቱ? አዝመራውስ እንዴት ያዘ?»

«ከብት እንኳን የለኝም» አለ፣ በጣም ከልቡ።

«እሱ ይሰጥዎታል። ነጋ ቡልተኒ? ፈያዳ? ባለፈው ሳላውቅ አንተ ብዬዎታለሁ፤ ልጅነት ነው። አንቱን የመሰለ ትልቅ ሰው በአንተ መጥራት እንደማይገባ እናቴም ነግራኛለች። እግርዎ ሥር ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ፖሊሱ ሰማይ እያየ ነበር። ወንድሜ ግን በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል፦ በቃሽ፣ በቃሽ። እኔም ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሙድ እየያዝኩ ነበር፤ ልጁ ይሄ ከገባው ግን የሙዱን ዋጋ የሚከፍለው የእኔ ደረት አይደለም። አፌን ዘጋሁ። ካቦው ስንጥሩን ወደ ጥርሱ መለሰ። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞረ።

«አየህ? ሥርዓት ማለት ይሄ ነው። የተማረ ሰው ያስታውቃል።» ወደ እኔ፦ «ወንድምሽ ዛሬ ቦሌ ያድራል።»

ቤት ገብቼ ለእናቴ አንድ በአንድ በተግባር አሳየኋት፤ ከብቱን ስጠይቅ፣ እግሩ ሥር ስወድቅ። እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ የማትሪክ ውጤት መጣ እንዴ ብሎ ጠየቀ። እኔም ለአንድ ምሽት በዓለም ላይ እንደ እኔ ጎበዝ ያለ አልመሰለኝም።

በማግስቱ የወንድሜ ትንፋሽ አያፏጭም። ከንፈሩ ወደ ቀለሙ ተመልሷል። ምሳ ዕቃውን ግን ተቀብሎ አልከፈተውም።

«ቦሌ እንዴት ነው?» አልኩት፣ ምስጋና እየጠበቅኩ።

«አየር አለ።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል?»

«ሽማግሌው ወንዝ ዳር ወረዱ።»

መስኮቱ አንድ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሥሩ የሚተኛው አንድ ሰው እንደሆነም። ሁለቱን ግን ደምሬያቸው አላውቅም። ቦሌ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በድንበር ክርክር ከጎረቤታቸው ጋር ተጣልተው የገቡ ቀን፣ ያን ቦታ ያገኙት ብርድ ልብሳቸውን ለካቦው ሰጥተው ነው። አሁን ብርድ ልብሱም የለም፣ መስኮቱም የለም። እኔ የቀለድኩበት አንቱ እሳቸውን ከመስኮት አወረደ።

«ለካቦው ንገረው፣ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸው» አልኩ።

«እኔስ የት ልሂድ?»

የምሳ ዕቃውን ክዳን ራሴ ከፍቼ «ብላ» አልኩት።

መልሱን ያመጣው ወንድሜ ራሱ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ አጥሩ ጋ ሲመጣ፣ ከታሰረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

«ፈረቃ አስገባሁ» አለኝ።

«ምን?»

«እንደ ፋብሪካችን። እኛ ጋ አንድ ማሽን ላይ ሦስት ሰው ይፈራረቃል፤ አንድ መስኮት ላይ ሁለት ሰው ቢፈራረቅ ምን ይሆናል? የመጀመሪያውን ግማሽ እሳቸው፣ የኋለኛውን እኔ።»

«ካቦው እንዴት እሺ አለ?»

«‹ማን ነው ይሄን ያሰበው?› አለኝ። ‹አንቱ ነዎት እንጂ› አልኩት። ትንሽ ከራሱ ጋር ተማከረና፣ ‹አዎ፣ ቆይቻለሁ ይሄን ካሰብኩ› አለ።»

ሳቅን። እሱ ሲስቅ ሳሉ መጣ፤ ወንዝ ዳር የሚያሳልፈው ግማሽ ሌሊት አሁንም ደረቱ ላይ ነበር። ግን ቆሞ መሳቅ ይችላል።

ያን ቀን ሽማግሌውም ጠያቂ መጥቶላቸው ነበርና፣ ሲመለሱ በእኔ በኩል አለፉ። ካቦው ራቅ ብሎ ስም እየጠራ ነው። ጠጋ አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ልጄ፣ ያን ቀን ካቦ መስዬሽ አንቱ ያልሽኝ» አሉኝ።

«ይቅርታ አባባ፣ አሳፈርኩዎት።»

«ኧረ ተይ። እዚህ ከገባሁ ወዲህ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ድጋሚ በይኝ እስቲ፣ ቀስ ብለሽ።»

ካቦውን አየሁት፤ ጀርባውን ሰጥቶናል። «እንደምን ዋሉ ኦቦ?» አልኳቸው።

«ነጋ፣ ነጋ። ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ። በዚህ ላይ የምጨምረው ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

አክስቴ ከሱሉልታ መጥታ ዋስ ሆነች፤ ወንድሜ የተፈታው በዚያ ነው። ሊወጣ ሲል ካቦው ስሙን ጠራ፤ ሦስት ጊዜ አከታትሎ፣ የመጨረሻውን ጎትቶ፣ «ዕቃህን ይዘህ!» ብሎ። አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። ምን ጉድ እንዳስነሣኝ አላውቅም፣ ምናልባት አሁን የሚጎዳብኝ ሰው ስለሌለ ይሆናል፣ ጠየቅኩት።

«አንቱስ መቼ ነው የሚወጡት?»

ይሄኛው አንቱ ሙድ አልነበረውም። ስንጥሩን አወጣ።

«ፋይሌ እየተፈለገ ነው» አለ። ድምፁ የካቦ ድምፅ አልነበረም፤ የመጨረሻው ታክሲ ያመለጠው ሰው ድምፅ ነው። «ከገባሁ ጀምሮ እየተፈለገ ነው። ... አስኮ መስመር ላይ አሁን ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ እንጃ። ብዙ ናቸው» አልኩት። ሌላ የሚጠይቀው ነገር ያለው መሰለ፣ ግን ፖሊሱ አዲስ ስም አቀበለውና ወደ በሩ ዞሮ መጮህ ጀመረ። በተመላለስኩባቸው ቀናት ሁሉ የእሱ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። እንደማስበው አለቃ ያደረገው ይኸው ነው፤ ከሁሉም በላይ የተረሳው እሱ ነበር። ይህን ስል ለሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን የመለሰላቸው እንዳይመስላችሁ። አልመለሰም።

ቤት ስንገባ እናቴ አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አንጥፋ ጠበቀችው። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታዋለች፤ የቡራዩ አቧራ እንደ ልቡ ይገባል። ወንድሜ ገላውን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ጎረቤት ሁሉ ስሞት፣ ሰው ሲሄድለት አልጋው አጠገብ ቆመ። አይቀመጥም።

«እዚህ ማን ነበር የሚተኛው?» አለ።

«እኔ ነኛ» አልኩ።

«አሁንስ የት ሄድሽ?»

«እማዬ ጋ። አይዞህ፣ ወንዝ ዳር አይደለም።»

ነካ አደረገው ፍራሹን፤ ጫፉ ላይ ቁጭ አለ። ጫማውን አላወለቀም።

«እና የእኔ እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

እናቴ ሳቀች፤ የቀለደ መስሏት ነው። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ ፊቱን አየሁት። መልስ እየጠበቀ ነበር።

«እስኪነጋ ነው» አልኩት። «ሙሉውን።»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።